ለፋሲካ የተቀመጠ ክኒን

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ሰቆጣ ከተማ ዳር የራሴን ጎጆ ይዤ፣ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነበርኩ፤ አባቴ ፊት ስቀርብ ግን ያው የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ሲናገሩ አዳምጣለሁ፣ «ምንም አይደለም» ሲሉኝ ምንም እንዳልሆነ አምናለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ሁዳዴ ያጠፋሁት ጥፋት ከዚሁ ስለመጣ ነው።

አባቴ ግንበኛ ናቸው። እኛ ልጆቻቸው «አያ» እያልን ነው ያደግነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው መንደራችን የሳቸው እጅ ያልነካው ግድግዳ ጥቂት ነው። ድንጋይ ሲመርጡ ቢያዩአቸው የሚዳር ልጅ የሚመርጡ ነው የሚመስለው። ያገላብጡታል፣ በመዶሻ ቆርቆር ያደርጉታል፣ ካልወደዱት «ይሄ ሰነፍ ነው፤ ከታች አስተኙት» ይላሉ።

ደም ብዛት እንዳለባቸው የታወቀው እንዲያው ባጋጣሚ ነው። ከዚያ ሁዳዴ በፊት በነበረው ክረምት እናቴን ለወገቧ ጤና ጣቢያ ሳደርሳት አብረውን መጡ። ነርሷ ወጣት ልጅ ናት፤ እናቴን አይታ ስትጨርስ ወደሳቸው ዞረች።

«አባት፣ እርስዎም እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ።»

«እኔ ምን ሆንኩና? የታመመችው እሷ ናት።»

«እኔም ያልታመመውን ነው የምፈልገው» አለቻቸው።

ለካች። ሌላውን ክንዳቸውን ለካች። ከዚያ አረፍ ብለው እንዲቆዩ አድርጋ ደግማ ለካቻቸው። ከፍተኛ ነበር። ሐኪሙም አያቸውና ክኒን ታዘዘላቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ። ስትሰጣቸው እንዲህ አለቻቸው፦ «ይሄ በሽታ አያምም። ስለማያም ሰው ይረሳዋል፣ ክፋቱም እሱ ነው። ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡ። አረቄውንም ይተዉ። ጨውም ይቀንሱ።»

አያ ወደኔ ዞር አሉ። «ሰማሽ? ገበያሽን ልትዘጋብሽ ነው።»

ነርሷም እኔም ሳቅን። ከዚያ ልጅቷ እኔን ያዘችኝና እሳቸው ሊያዩት የማይችሉትን እኔ ማየት እንዳለብኝ ነገረችኝ። ቤቴ እንደገባሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ አብሬያት እየቆጠርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ መጻፍ ልማድ ሆነብኝ። ያን ቀን የጻፍኩት ይሄ ነበር፦ ፈገግ ሲሉ የፊታቸው አንዱ ወገን ከወደቀ፣ ሁለት እጃቸውን ሲያነሱ አንዱ ከዛለ፣ ሲናገሩ አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ሰዓቱን ያዢና ወዲያው አምጫቸው። ከሦስቱ አንዱም ይበቃል። ትንሽ ቆይቶ ቢለቃቸውም እንኳ አምጫቸው፤ የለቀቀው ብዙ ጊዜ ሊመለስ ነው።

የመጨረሻዋን መስመር አስምሬባት ነበር። ማስመሬ ምንም አልጠቀመም።

ሁዳዴ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት አያ የጓዳዬን ግድግዳ ሊሠሩልኝ መጡ። እኔ ጭቃ አቦካለሁ፣ እሳቸው ይደረድራሉ። ረፋዱ ላይ መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ተመልሶ ወደቀ። ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብለው አዩት።

«አያ፣ ምን ሆኑ?»

መለሱልኝ፤ ነገር ግን ቃል አልነበረም። አፉን ቆሎ ሞልቶት እንደሚናገር ሰው ነበር ድምፃቸው። ደግፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሰሐን ሽምብራ ለመቁላት የሚፈጀውን ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ከፈት ዘጋ አደረጉ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ሳቁ።

«ጾሙ ነው» አሉ፣ ጥርት ባለ አንደበት። «አረጀሁ በይ እንግዲህ። ድሮ ሁዳዴን ጾሜ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ደስ ስላለኝ ነው የሳቅሁት። በሁዳዴ ራሱ የማይዞርበት፣ ጉልበቱ የማይከዳው ማን አለ? እኛ ዘንድ ጾም ሲገባ ድካም ሁሉ የጾሙ ነው፤ ራስ ቢያዞር የጾሙ ነው፣ እጅ ቢዝል የጾሙ ነው። ሰው ስለ ድካሙ ቢያጉረመርም ራሱ ያፍራል። ደብተሩ ከተቀመጥኩበት ዐሥር እርምጃ በማይርቅ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ተነሥቼ አልገለጥኩትም። እሳቸውም መዶሻቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሠሩ፤ ማታ ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ለእናቴ በርበሬ ይዤላት ወደ መንደር ወጣሁ። አያ ቅዳሴ ቆይተው ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ገቡ። እግራቸው ደህና፣ ሰላምታቸው ደህና፤ «የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ልጆቹን ለማን ትተሽ መጣሽ» ብለው ቀለዱብኝ። ተቀመጡ፣ እናቴ አቀረበችላቸው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንደጎረሱ ሽሮው በአፋቸው ቀኝ ጥግ ፈሰሰ። አልጠረጉትም። የፈሰሰ መሆኑን አላወቁትም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግላቸው ስትጠጋ ወደ ጎን ዘነበሉባት።

የዚያን ጊዜ ነው አክስቴ የገቡት። የአያ ታላቅ እህት ናቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ይኖራሉ፤ እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው። መንደሩ ውስጥ ምች የመታው ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። የወንድማቸውን ፊት እንዳዩ አልደነገጡም፤ ወደ ሥራው እንደገባ ሰው እጀጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ምች ነው» አሉ። «ከቅዳሴ ላብ ላብ ብሎት ሲወጣ ነፋስ አግኝቶታል። በሩን ዝጉት። መስኮቱንም። አንቺ ዳማከሴ ቀንጥሽልኝ፣ አሽቼ አጠጣዋለሁ።»

እናቴ በሩን ዘጋችው። ቤቱ ጨለመ። እኔ መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ፊታቸውን ወደኔ አዞርኩት።

«አያ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ።»

ግራው ሳቀ፤ ቀኙ ባለበት ቀረ።

«ሁለት እጅዎን ያንሱ።»

ግራው ተነሣ። ቀኙ ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ።

«‹ዛሬ የጾም ቀን ነው› ይበሉ።»

ከአፋቸው የወጣውን ልጽፈው አልችልም። ቃል አልነበረም።

«እትዬ፣ ይሄ ምች አይደለም» አልኩ። «አንጎላቸው ውስጥ ያለው የደም ሥር ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው።»

«ተይ እንግዲህ» አሉኝ። «ደብተር ያዝሽና ሐኪም ሆንሽ? ከቤት ከወጣ ነፋሱ ይጨርሰዋል። ስንቱን በዚህ እጄ አድኛለሁ።»

አልዋሹም። የአፍ መጣመም ብቻ የመጣባቸውን፣ እጅና እግራቸው ደህና የነበሩትን፣ ሲሻላቸው አይቻለሁ፤ በራሱ የሚሻል የፊት ነርቭ ሕመም እንዳለ በኋላ ሐኪሙ ነግሮኛል። ለዚህ ነው እትዬ በእጃቸው የተማመኑት። ራሳቸው ቀንጥሰው የጨመቁትን ዳማከሴ በጣሳ ይዘው ወደ አያ አፍ ሲያስጠጉ ግን እጃቸውን ያዝኩ። በሕይወቴ የታላቅ እጅ ይዤ አላውቅም።

«እትዬ፣ አያጠጧቸው። መዋጥ አቅቷቸዋል፣ ሽሮውን አላዩም? ትን ይላቸዋል።»

የአያን አፍ አዩ። ከዚያ ጣሳውን አስቀመጡና ሌላ ነገር አሉ። «ወንድሜ ሲደክመው አማርኛው ይጠፋዋል። በኛ ቋንቋ ልጠይቀው።»

እሳቸውና አያ ያደጉት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን ያወቁት ጎርምሰው ነው። እትዬ ከወንድማቸው ፊት ቁጭ ብለው በኽምጣኛ ጠየቋቸው፦ «የእናታችን ቤት በሩ ወዴት ነበር የሚያየው?» ልጅ ሳሉ ሁለቱ ተራ በተራ ደጃፉ ላይ ፀሐይ የሞቁበት ቤት ነው። አያ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ጥያቄውን ያወቀው ይመስላል። ከአፋቸው ግን ያው የተሳሰረ ድምፅ ወጣ። እትዬ ደግመው ጠየቋቸው። ደግሞ ያው።

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ተለወጠ። «የእናት ቋንቋንስ ምች አይወስድም» አሉ፤ ለኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። «ቃሬዛ ጥሩ።»

በመንደራችን የቃሬዛ ማኅበር አለ። ምጥ የያዛትንም፣ ከገደል የወደቀውንም ወንዶቹ በተራ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ያደርሳሉ፤ ያልመጣ ይቀጣል። እናቴ ደጅ ወጥታ ስትጣራ እኔ ለማውቀው ባለባጃጅ ደውዬ መንገዱ ላይ እንዲጠብቀን ነገርኩት። ከዚያ «እማ፣ ክኒናቸውን አምጪልኝ፤ ሐኪሙ ይጠይቃል» አልኳት።

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ የተቋጠረ ጨርቅ ይዛ መጣች። ፈታሁት። ክኒን ሞልቶበታል።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ለፋሲካ ያስቀመጡት ነው» አለችኝ።

ጊዜ አልነበረኝም። መልሼ ቋጥሬ መቀነቴ ውስጥ አደረግሁት። ወንዶቹ ደረሱ፤ አያን በግራ ጎናቸው አስተኝተን በጋቢ ሸፈንናቸው። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ነፋሱ በቀኙ ነው የሚመጣው። በቀኙ እኔ እሄዳለሁ።» ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ወጥረው ከቃሬዛው ጎን ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። አንድም ሰው «ነፋስ አይደለም» አላላቸውም፤ እኔም አላልኳቸውም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ተራ ሲቀይር «አያ የገነቧቸውን ድንጋዮች ሁሉ ይዘው ነው እንዴ የተኙት» አለ። እትዬ «አንተ በቁርስ ሰዓት ብቻ የምትጾም፣ ዝም ብለህ ተሸከም» አሉት። ወንዶቹ ሳቁ፤ እየሳቁም ሩጫቸውን አልቀነሱም።

ከመንገዱ በባጃጁ ወስደናቸው ሐኪም ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መቼ ጀመራቸው? ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ያያችኋቸው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ይህን መመለስ ችያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሲገቡ ደህና ነበሩ፣ ሦስት ጉርሻ እንኳ ሳይሞላ። ጻፈው። ቀጥሎ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለ። ቋጠሮውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

እናቴ መናገር የጀመረችው እዚያ ነው። አያን ነርሷ «ጠዋት ጠዋት» ብላቸዋለች። ጠዋት ደግሞ ጾም ነው፤ ክኒን በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀመስም። ከሰዓት እንዳይወስዱት ያዘዘችው ጠዋት ነው፤ የሐኪም ትዕዛዝ ማፍረስ መሰላቸው። ነርሷንም እግዚአብሔርንም ላለመዋሸት ጠዋት ጠዋት አንዷን ክኒን ከከረጢቱ እያወጡ በጨርቁ ያስቀምጡ ነበር። የፋሲካ ለት ጾሙ ሲፈታ የቀረባቸውን ሁሉ በአንድ ላይ ሊውጡ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። እስኪብርቶውን አስቀመጠ። «በአንድ ላይ ቢውጡት ኖሮ እሱም ሌላ አደጋ ነበር» አለ። «እማማ፣ የሚጾም ሰው እኮ ብዙ አለኝ። ከሰዓትም ማታም ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱን እንቀይራለን። ማቋረጥ ግን አይቻልም። መጠየቅ ብቻ ነበር።»

ያን ጊዜ እኔም አልቻልኩም። ከአምስት ቀን በፊት መዶሻ ከእጃቸው እንደወደቀ፣ አንደበታቸው እንደተሳሰረ፣ ከዚያም እንደለቀቃቸው፣ ጾሙ ነው ብዬ እንደሳቅሁ ነገርኩት። «ያ ማስጠንቀቂያው ነበር። ያን ለት ብትመጡ መልካም ነበር» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና፣ «ዛሬ ግን አላሳደራችኋቸውም» ብሎ ጨመረ። ይህን ሁለተኛውን የተናገረው አዝኖልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ይዤው ነው የምኖረው።

ዘጠኝ ቀን ተኙ። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ነገሩን ከእናቴ ከሰሙ በኋላ ወደ አያ ዞሩ።

«መድኃኒቱ ጾም ይገድፋል ያለህ ማን ነው?»

አያ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው፣ «ማንም… አልጠየቅሁም» አሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ መልስ ይሄ ነው።

«እኔን አልጠየቅህ፣ ነርሷን አልጠየቅህ። ብቻህን ጉባኤ ተቀምጠህ ብቻህን ወሰንክ» አሏቸው። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም። ከዛሬ ጀምሮ ትውጣለህ፤ የኔም ትዕዛዝ ነው።»

አያ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ያ ሳቅ ጠማማ ነበር፤ ከዚያ የሚያምር ሳቅ ግን አላየሁም።

እግራቸው በወር ውስጥ ተመለሰ፤ ምርኩዝ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። አንደበታቸው ሲደክማቸው ብቻ ይጎተታል። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ነርሷ ያሳየቻቸውን የእጅ እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ይሠራሉ፤ ጭቃ ያቦካሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ጣት በጣት። አሁን ግንብ ላይ ቁጭ ብለው ሌሎቹን ያዝዛሉ፤ «ሰነፉን ከታች» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማል። አንድ ቀን እኔው ጥፋቴን ነገርኳቸው፤ መዶሻው የወደቀ ለት ደብተሬን እንዳልገለጥኩ። ግራ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ጾሙ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ልጄ ነሽ፣ አመንሽኝ። ከእንግዲህ ስለ ጤናዬ አትመኝኝ» አሉኝ። ይህን ትዕዛዛቸውን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ ራሴ አዞረኝ ካሉኝ እንኳ ክንዳቸውን ሳላስለካ አልተኛም።

ቤታችንም ተለውጧል። እናቴ ለሳቸው ወጥ ስትሠራ ጨው ታሳንሳለች፤ መጀመሪያ «ይሄ ወጥ ነው ወይስ ትኩስ ውሃ» እያሉ ሲያስቸግሯት ሰነበቱ፤ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል አብዝታ አስለመደቻቸው። አረቄውን ትተዋል። እኔ ደግሞ ገበያ ላይ ጨው እየሰፈርኩ ደም ብዛት ላለበት ሰው እንዳያበዙ እነግራለሁ። አንዷ ደንበኛዬ «ጨው ሻጭ ሆና ጨው አትብሉ የምትል አንቺን ብቻ አየሁ» አለችኝ። «ክንድሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» አልኳት። ተለክታ አታውቅም ነበር። ፈገግታውን፣ እጁን፣ ንግግሩን ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ፤ መጥቶ የሚለቀውን ደግሞ ከሁሉ አብዝቼ። ፊደል የማያውቁት ያዙልኝ፤ እጃቸውን አንሥተው እርስ በርስ እየተያዩ ሲስቁ እተዋቸዋለሁ፤ እየሳቁ ነው የሚማሩት።

እትዬ ግን በዚህ ሁሉ መካከል በቃላቸው ጸኑ። ሰው ሲጠይቃቸው «ምች ነበር፤ ከምች የባሰ ምች» ይላሉ። ዳማከሴያቸውንም አልተዉ። እኔም አልተከራከርኳቸውም፤ በዚያ ዳገት ላይ ነጠላቸውን ወጥረው ያየኋቸውን አልረሳሁም።

ፋሲካ አልፎ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ እንቁላል ልሸጥ ነው ብለው ብቻቸውን ወደ ከተማ ወረዱ። እንቁላሉን ሸጡ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ሄደው ከወረፋው መጨረሻ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ነርሷ «ምን አመመዎት?» አለቻቸው፤ «ምንም» ብለው ክንዳቸውን ሰጧት። የሳቸው ከአያም የበለጠ ከፍ ያለ ነበር። ክኒን ተሰጣቸው። መቼ እንደሚውጡት፣ በጾም ወራት በስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠይቀው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። እኛ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ የነገረችንም ነርሷ ናት። እትዬ የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጡት እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ከዚያ ተነሥተው አንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።